7518 ምን ይላል? ምንስ አይልም? በቁጥር ስብከት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ዘንድሮ 2018 ዓመተ ምሕረት ነው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለባሕረ ሐሳብ ሊቅ ይህ ቁጥር የሥራ መሣሪያ ነው፤ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ያወጣበታል። በመድረኮቻችን ላይ ግን እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ከመሣሪያነት አልፈው ራሳቸው መልእክት ሲሆኑ እንሰማለን። ቁጥሩ ለ7 ተካፈለ፣ ከራእይ መጽሐፍ አኃዝ ጋር ገጠመ፣ «ስምንተኛው ሺህ» ገባ ይባልና ጉባኤው በእልልታ ይቀበላል።

ይህ ጽሑፍ የሚሄሰው ይህን ልማድ ነው። ልማዱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተ እምነት ስላልሆነ ስም አልጠራም። መነሻዬ ግን ሰሜን ወሎ ነው፤ ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች። በዚህ አካባቢ «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ አይደለም። የ1965ና የ1966 ረኃብ፣ የ1977 ድርቅ፣ ከዚያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ የቆዩባቸው ወራት በየቤቱ የሚታወሱ ናቸው። ይህን ያለፈ ምእመን ስለ ዘመን ፍጻሜ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። ሂሱ ያለው በምንሰጠው መልስ ላይ ነው።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ቁጥር ያለው የሒሳብ ጠባይ የቁጥሩ ብቻ ነው። ጠባዩ የእግዚአብሔር መልእክት የሚሆነው ቅዱሱ ጽሑፍ ራሱ ወደዚያ ጠባይ ሲጠቁመን ነው። ጽሑፉ ሳይጠቁመን የምናገኘው ሁሉ፣ ስሌቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የእኛ ግኝት እንጂ ትንቢት አይደለም። ይህን ለማሳየት 7518ን ወስደን መጀመሪያ በሐቀኛው መንገድ፣ ከዚያ በመድረኩ መንገድ እናሰላዋለን። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትከተሉኝ እመርጣለሁ።

ሐቀኛው ስሌት

ባሕረ ሐሳብን ትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ትምህርቱ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ተጠብቆ ቆይቷል። በዘመናችን ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ ሰፊ መጻሕፍት አሳትመዋል። እኛ ወንጌላውያን ይህን ትምህርት የሌላ ቤት ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። ሆኖም ትንሣኤን የምናከብረው በዚሁ ስሌት በሚወጣው እሑድ ነው፤ ስለዚህ ሳናውቀውም ተማሪዎቹ ነን።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 7518ን ለ19 ስናካፍል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይቀራል። ከ13 አንድ ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 12ና 18 ሠላሳ ናቸው። ማረጋገጫው በስሌቱ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ የተሳሳተ ተማሪ እዚሁ ይያዛል።

መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ በ18ኛው ቀን ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18ና 7 ሃያ አምስት፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ሚያዝያ 4 እሑድ ላይ እንደርሳለን፤ የዘንድሮው ትንሣኤ ቀን ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ቁጥር 532 ነው፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። 532 ለምን ተመረጠ? ምሥጢር ስላለው አይደለም። ጨረቃ በ19 ዓመት 235 ጊዜ ትወለድና ከፀሐይ ዓመት ጋር በግምት ትገጣጠማለች። የሳምንቱ ዕለታት 7፣ የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት 4 በመሆናቸው ዕለትና ቀን በየ28 ዓመቱ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። 19ና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ዑደቶች አብረው የሚጀምሩት በ19 × 28፣ ማለትም በየ532 ዓመቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በሰማይ የሚታይ ነው። ማንም ተማሪ ሊፈትነው ይችላል።

5500 በ180 ቢተካስ?

አንድ ክርክር አዘውትሮ ይነሣል፤ «ባሕረ ሐሳብ ይህን ያህል ትክክል ከሆነ ዓለም የተፈጠረችው በእርግጥ ከ7518 ዓመት በፊት ነው ማለት ነው» የሚል። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። በስሌት ግን ይፈርሳል።

5500ን ለ532 አካፍሉ። 10 ጊዜ ደርሶ 180 ይቀራል። አሁን በ5500 ፋንታ 180ን በ2018 ላይ ደምሩ፤ 2198 ይሆናል። 2198ን ለ19 አካፍሉ፤ ቀሪው ያው 13 ነው፤ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ዕለቱንም ፈትኑ። ደንቡ ዓመተ ዓለሙን ከአራተኛው እጅ ጋር ደምሮ በ7 መግደፍ ነው። 7518ና 1879 ሲደመሩ 9397፤ በ7 ሲገደፍ 3። 2198ና 549 ሲደመሩ 2747፤ በ7 ሲገደፍ እንደገና 3። ሦስት ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018ም ሐሙስ ዋለ። ትንሣኤውም ሚያዝያ 4 ላይ ይጸናል። ዓለም ከ2198 ዓመት በፊት ተፈጠረች ብንልም፣ ከ7518 ዓመት በፊት ተፈጠረች ብንልም የፋሲካው ቀን አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ትክክለኛነት ስለ ዓለም ዕድሜ አይመሰክርም። 5500 ከሌላ መንገድ የመጣ ቁጥር ነው። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ዩልዮስ አፍሪካኖስ የክርስቶስን መምጣት በ5500 ዓመት አካባቢ አስቀምጦት ነበር። ሂፖሊተስ ደግሞ የታቦቱን ልክ ወስዶ፣ ርዝመቱን ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱንና ቁመቱን አንድ አንድ ክንድ ተኩል (ዘጸ. 25፥10) ደምሮ አምስት ተኩል አገኘ፤ አንዱን ክንድ እንደ ሺህ ዓመት ቆጥሮም 5500 አለ። በእኛም ትውፊት ለአዳም የተሰጠው የ«አምስት ቀን ተኩል» ተስፋ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዘፍጥረት 5ና 11 ላይ ያሉት ዕድሜዎች በዕብራይስጡና በሰባ ሊቃናቱ ትርጉም ይለያያሉ፤ በዕብራይስጡ የሚቆጥር ሰው እጅግ ያነሰ ድምር ያገኛል። ይህን የምለው ትውፊቱን ለማቃለል አይደለም። ሊቃውንቱ ከአንድ ቦታ መነሣት ነበረባቸው፤ ተነሡም። ጥፋቱ መነሻውን ወስደን መድረሻ ስናደርገው ነው።

«ስምንተኛው ሺህ» መቼ ገባ?

ሰው ክፉ ነገር ሲያይ «ስምንተኛው ሺህ» ይላል። ልጅ አባቱን ሲሰድብ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲከዳ ቃሉ ከአፍ ይወጣል። በዕለታዊ ንግግር ውስጥ ሐዘንን መግለጫ ነው፤ በዚያ ላይ ሂስ የለኝም። በመድረክ ላይ ግን «ገባ»፣ «ደረሰ»፣ «በዘመናችን ተከፈተ» ሲባል የስሌት አነጋገር ሆኗልና በስሌት ይመዘናል።

ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ7000 ዓመተ ዓለም ነው። 5500 ሲቀነስ 1500 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ስምንተኛው ሺህ የጀመረው እንግዲህ መስከረም 1 ቀን 1501 ዓ.ም ነው፤ የሚፈጸመውም በ2500 ዓ.ም ነው። ዛሬ በስምንተኛው ሺህ 518ኛ ዓመት ላይ ነን። ግራኝ አሕመድ ሳይነሣ የገባ ሺህ ነው። ቴዎድሮስም፣ ዮሐንስም፣ ምኒልክም ነግሠው ያለፉት በእርሱ ውስጥ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበሩት የጥጋብ ዓመታትም የእርሱ ናቸው። አንድን ዘመን ከሌላው የማይለይ ምልክት ምልክት አይሆንም።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በቢዛንታይን ቆጠራ 7000 ዓመተ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1492 ሲሞላ በሩሲያ ብዙዎች የዓለምን ፍጻሜ ይጠብቁ ነበር፤ የፋሲካ ሰንጠረዦቻቸውም እዚያ ላይ ያበቁ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ሜትሮፖሊታን ዞሲማም ለቀጣዮቹ ዓመታት አዲስ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር ከዳንኤል 8፥14 ተነሥቶ ያሰላው ስሌት ተከታዮቹን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ላይ አደረሳቸው፤ ያም ቀን አለፈ። ጊዜው ሲያልፍ ሰንጠረዥ መቀጠል ይቻላል። የምእመንን ልብ ወደ ነበረበት መመለስ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

42 ሲገኝ

አሁን ወደ መድረኩ መንገድ እንሂድ። እኔ ራሴ ሰባኪውን ሆኜ በ7518 ላይ አንድ «መገለጥ» ላዘጋጅላችሁ፤ ስሌቱ ሁሉ እውነት ነው።

7518 ለ42 ይካፈላል፤ 42 × 179 ነው። አርባ ሁለት ወር አሕዛብ ቅድስቲቱን ከተማ የሚረግጡበት (ራእ. 11፥2)፣ አውሬውም ሥልጣን የሚያገኝበት ጊዜ ነው (ራእ. 13፥5)። አኃዞቹን ደምሩ፤ 7፣ 5፣ 1፣ 8 ሃያ አንድ ይሆናሉ፤ ሃያ አንድ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰባት ነው። ለዐቢይ ቀመር ለ532 አካፍሉት፤ 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይቀራል። ዐሥራ አራት የማቴዎስ ትውልዶች ቁጥር፣ ሰባ የኤርምያስ የምርኮ ዓመታት ናቸው። ወደ ኋላም ሂዱ፤ ከዘንድሮ በፊት ለ42 የተካፈለው ዓመት 7476 ዓመተ ዓለም ነበር፤ ይህም 1976 ዓ.ም፣ ታላቁ ድርቅ የተቃረበበት ዓመት ነው። ይህን በመርሳ ወይም በወልድያ ጉባኤ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብናገር ብዙ ሰው ያለቅሳል። የ1977ን መከራ በዓይኑ ያየ ሽማግሌ በዚያ ተቀምጧልና።

አሁን ደግሞ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ 42 ብቻውን አልተገኘም፤ 179ም አብሮ አለ። ስለ 179 የሚሰብክ የለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የታወቀ ቦታ ስለሌለው ተጣለ። የሚስማማውን አንሥቶ የማይስማማውን መጣል ትርጓሜ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከማንኛውም ተከታታይ 42 ዓመታት አንዱ ለ42 መካፈሉ ግድ ነው። ከ1976 በፊት የነበረው 1934 ዓ.ም ነበር፤ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ነፃ በወጣች ማግሥት! ያም ይረገጣል የተባለበት ዓመት ነበርን? የ1965ና የ1966ቱ የወሎ ረኃብስ ለምን በዑደቱ አልተያዘም? 1977ን ለማግኘትም «የተቃረበበት» የሚል ቃል ማስገባት ነበረብኝ፤ ቃሉ ባይኖር ስሌቱ አንድ ዓመት ይስታል።

ሦስተኛ፣ 14 የተባለው ድርሻ የዘንድሮ አይደለም። ከ1948 እስከ 2479 ዓ.ም ያለው ዓመት ሁሉ ለ532 ሲካፈል 14 ያወጣል። 70ውም ከሰባት ጋር መግጠሙ አያስደንቅም፤ 532 ራሱ የሰባት ብዜት ስለሆነ ለ7 የሚካፈል ዓመት ሁሉ የሚተርፈውም የሰባት ብዜት ነው። አንዱን ጠባይ ሁለት ስም ሰጥቼ ሁለት ምስክር አስመሰልሁት።

አራተኛ፣ መረቡ ሰፊ ነው። 3፣ 7፣ 10ና 12ን «መንፈሳዊ ቁጥሮች» ብለን ብንቀበል ከየ210ሩ ዓመታት 102ቱ ቢያንስ ከነዚህ ለአንዱ ይካፈላሉ፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በዚህ ላይ የአኃዝ ድምርና የቀመር ቀሪ ሲጨመር የሚያመልጥ ዓመት ጥቂት ነው።

አምስተኛ፣ መቁጠሪያው ሲለወጥ ጠባዩም ይለወጣል። በዚሁ ዓመት የሀብሩ ሙስሊም ጎረቤታችን 1447 ሂጅራ ይላል፤ 1447 ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ፈረንጆች የሚገቡበት 2026 ደግሞ 2 × 1013 ነው። ጊዜው አንድ ነው፤ የተለያየው የመቁጠሪያው መነሻ ነው። ለ42 መካፈል የዘመኑ ጠባይ ቢሆን ኖሮ በሁሉም መቁጠሪያ በታየ ነበር።

ስድስተኛውና ለእኛ የሚከብደው ይህ ነው። ወልድያና መርሳ ያን ሁሉ ያዩባቸው ዓመታት 7513ና 7514 ዓመተ ዓለም ነበሩ። 7513 ማለት 11 × 683 ነው። 7514 ማለት 2 × 13 × 17 × 17 ነው። ሰባት የለም፤ አርባ ሁለት የለም፤ ዐሥራ ሁለት የለም። ቁጥር መከራን የሚናገር ቢሆን መናገር የነበረበት ያኔ ነበር። ያኔ ዝም ያለ ቁጥር ዛሬ ቢለፈልፍ ለምን እንሰማዋለን?

ያባረርነውን በጓሮ ማስገባት

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንድን ነገር በግልጽ አስተምረናል፤ ጥንቆላንና ኮከብ ቆጠራን። አውደ ነገሥት ይዞ የሰውን ዕጣ የሚናገር ሰው ዘንድ መሄድ ለአማኝ አይገባም ብለናል፤ ትክክልም ነን (ዘዳ. 18፥10-12)። ነገር ግን አውደ ነገሥት እንዴት እንደሚሠራ አስተውለናል? የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት እያንዳንዳቸው በቁጥር ይተመናሉ፤ ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል። የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡን ይለያል፤ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት። የከዋክብቱ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ዐረብኛውም አብጀድ የሚባል የራሱ የፊደል ቁጥር አለው።

እንግዲህ በባሕረ ሐሳብም፣ በአውደ ነገሥትም ያለው የሒሳብ ሥራ አንድ ነው፤ መደመር፣ መግደፍ፣ ቀሪውን ማየት። ልዩነቱ ቀሪው በሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ባሕረ ሐሳብ ቀሪውን «ጨረቃ ዛሬ የስንት ቀን ናት?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ማታ ወጥቶ ማየት ይቻላል። አውደ ነገሥት ቀሪውን «የዚህ ሰው ዕጣ ምንድን ነው?» ይለዋል፤ ቁጥሩ ግን ስለ ዕጣ የሚያውቀው የለም፤ መልሱ የሚመጣው ከቆጣሪው ነው። ዓመቱን ገድፎ የአገርን ዕጣ የሚናገር ሰባኪ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ለአንባቢ እተዋለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ መኖሩ ጥያቄውን አይለውጠውም።

መጽሐፉ ራሱ ሲቆጥር

ይህን ያነበበ አገልጋይ «እንግዲያው ቁጥርን ሁሉ እንተው» ቢል ሌላ ስሕተት ይሆናል። ቅዱሳት መጻሕፍት በቁጥር ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ይጠቁሙናል።

ማቴዎስ የትውልዱን ሐረግ ከጻፈ በኋላ ራሱ ይቆጥርልናል፤ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት (ማቴ. 1፥17)። የዳዊት ስም በዕብራይስጥ ፊደላት ሲተመን 4፣ 6ና 4 ነው፤ ድምሩ 14። ክፍሉ በዳዊት ልጅነት ይጀምራል፤ ዳዊትም የቆጠራው ማጠፊያ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩና መልእክቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ተርጓሚዎችም ሁለቱን ቢያገናኙ መሠረት አላቸው።

ራእይ 13፥18 አንባቢው እንዲቆጥር በግልጽ ይጋብዛል። ኔሮን ቄሣር የሚለው ስም በዕብራይስጥ ሲጻፍ 666 ይሆናል፤ በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ላይ ያለው 616ም የስሙ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ሲያጥር የሚገኝ ነው። ሄሬኔዎስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን 616ን ያውቅ ነበር፤ አልተቀበለውም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ነገር ተናግሯል። ለ666 የሚገጥሙ ስሞችን ዘርዝሮ፣ የሚገጥሙ ስሞች ብዙ ስለሆኑ ስም ከመገመት ፍጻሜውን መጠበቅ እንደሚሻል አስጠንቅቋል። የሒሳቡን ነጥብ ያን ጊዜውኑ አይቶታል፤ ብዙ መልስ ያለው ስሌት ለአንዱ መልስ ማስረጃ አይሆንም።

በተቃራኒው ዮሐንስ 21፥11ን ተመልከቱ። 153 ዓሣ። 153 ከ1 እስከ 17 ያሉት ቁጥሮች ድምር ነው፤ አውግስጢኖስም 17ን ዐሥርቱ ትእዛዛትና ሰባቱ የመንፈስ ስጦታዎች ብሎ ተርጉሞታል። ትርጓሜው ውብ ነው፤ ዮሐንስ ግን ወደዚያ አልጠቆመም። ዮሐንስ የጠቆመው ይህን ያህል ብዙ ሆኖ መረቡ አለመቀደዱን ነው። ሰባኪ ከጽሑፉ ጥቆማ ቢጀምር አይወድቅም።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙት። ቁጥሩ በጽሑፉ ውስጥ አለ ወይስ እኛ አወጣነው? ጽሑፉ ራሱ ወደ ቁጥሩ ጠባይ ይጠቁማል? በዚሁ መንገድ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ዓመት ብናሰላ የማይገጥምልን አለ? ለሦስተኛው መልሱ «ሁሉም ይገጥማል» ከሆነ ምንም አላገኘንም።

«ዳንኤልስ?» የሚል ይኖራል። ዳንኤል የዓመታትን ቁጥር ከመጻሕፍት አስተዋለ (ዳን. 9፥2)። አዎን፤ ያስተዋለው ግን በኤርምያስ በግልጽ የተጻፈውን 70 ነው (ኤር. 25፥11፤ 29፥10)፤ አካፍሎ፣ ገድፎ ያገኘው አይደለም። ካስተዋለ በኋላ ያደረገውም ቀን ማወጅ ሳይሆን ማቅ ለብሶ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት መናዘዝ ነው። በቁጥር ስብከታችን ማግሥት ጉባኤው ወደ ንስሓ ይሄዳል ወይስ ወደሚቀጥለው ስሌት? ይህም መመዘኛ ነው።

ለእረኛው የቀረው ቆጠራ

ጉዳዩ የአካዳሚ ክርክር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍሁ። መከራን በቁጥር የሚያስረዳ ስብከት ለተጎዳ ሰው ሁለት ነገር ይነግረዋል። የሞተው ልጅህ የቀመር ቀሪ ነበር ይለዋል። የሚመጣውም አስቀድሞ ስለተሰላ ማረስህ፣ መዝራትህ፣ ልጅህን ትምህርት ቤት መላክህ ትርጉም የለውም ይለዋል። ሰባኪው እንዲህ ማለት አልፈለገ ይሆናል፤ ሰሚው ግን እንዲህ ይሰማል። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ያ ሰው ሰባኪውን ብቻ አይተውም፤ ከሰባኪው ጋር የሰማውን ወንጌል ይተዋል።

ጌታ ያንን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናግሯል (ማር. 13፥32)። ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዘመን ሲጠይቁት ከስሌት ይልቅ ምስክርነትን ሰጣቸው (ሐዋ. 1፥7-8)። መዝሙር 90 ሺህ ዓመት በእግዚአብሔር ፊት እንደ አንድ ቀን መሆኑን ሲናገር ብዙ ሰባኪዎች ሺውን ይዘው ይሮጣሉ። ያው መዝሙር ስምንት ቁጥር ዝቅ ብሎ የሚለምነው ግን የራሳችንን ቀኖች መቁጠር እንድንማር ነው (መዝ. 90፥12)።

በራእይ 7 ዮሐንስ መጀመሪያ ቁጥር ሰማ፤ 144,000፤ ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት በሺህ ተባዝቶ፣ ከየነገዱ እኩል እኩል። ቁጥሩ የእግዚአብሔርን ሕዝብ ምሉዕነት ያሳያል። ዘወር ብሎ ሲያይ ግን ያየው ማንም ሊቆጥረው የማይችል እጅግ ብዙ ሕዝብ ነበር (ራእ. 7፥9)። እነርሱም ከታላቁ መከራ የመጡ ናቸው (ራእ. 7፥14)። እግዚአብሔር የቆጠረውን እኛ ቆጥረን አንጨርስም፤ ስለ መከራ ለሚጠይቅ ጉባኤ የሚሰበከው ይህ ነው።

ለእረኛም የተሰጠ ቆጠራ አለ። መቶ በጎች ያሉት ሰው ቆጥሮ ዘጠና ዘጠኝ ሲያገኝ አንዱ መጉደሉን ያውቃል፤ ሊፈልገውም ይሄዳል (ሉቃ. 15፥4)። በመርሳም ሆነ በሀብሩ ቀበሌዎች ያላችሁ አገልጋዮች፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጉባኤ ያልተመለሱት ስንት ናቸው? ቤታቸው ያልተጠገነ መበለቶች ስንት ናቸው? ትምህርት ያቋረጡ ልጆች ስንት ናቸው? እነዚህን ቁጥሮች ከ7518 ማውጣት አይቻልም። ቤት ለቤት ዞሮ መቁጠር ያስፈልጋል።